ውስጡን ለቄስ

ማክሰኞ ነው ዛሬም፣ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ፤
አውቶቡሱን አስረክቤ፣ የሥራ ኮቴን ሳልለይ፣
ዊኒፔግ፣ ፖርቴጅ ጎዳና፣ ከጥርስ ሐኪሙ በላይ፣
ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ፣ ከበሩ ፊት ቆሜ
በረዶ ከጫማዬ አራግፋለሁ ደጋግሜ።
የማይራገፈውን ይዤው እገባለሁ፤
ቀኑን ሙሉ ስነዳ ተለማምጄዋለሁ፣
በየፌርማታው ቆሜ ቃል አሳፍሬያለሁ።
ግን "ሳምንቱ እንዴት ነበር?" ስትለኝ ፍሪዘን፣
አፌ ቀድሞኝ ይመልሳል፣ "እግዜር ይመስገን"።

"የቱ ጋ ነው የሚሰማህ?" ብላኝ አንድ ሰሞን
"ሆዴ ውስጥ" አልኳት። ጠየቀችኝ፣ "ጨጓራህ ይሆን?"
እንዴት ብዬ ልንገራት፣ ሆድ ማለት እኛ ዘንድ
ሲባባ የሚያለቅስ፣ ሲችል ውስጥ ውስጡን የሚነድ፣
ምስጢር የሚያድርበት ጓዳ መሆኑን፣
ባለቤቱ የጣለበት ቁልፉን።

አባቴ ሲጠየቅ "ውስጡን ለቄስ" ይል ነበር፤
እኔም ውስጤን ይዤ መጣሁ ከዚህ በር።
እሷ ግን ቄስ አይደለች። ስግደት ባዘዘችኝ፣
አርባ ቀን ጹም ብላ "ይፍታህ" ባለችኝ፣
እንዴት በቀለለኝ!
"ሳምንት እንገናኝ" ነው የእሷ ቀኖና፤
ሃምሳ ደቂቃ ሞልቶ፣ እንባዬ ሳይደርቅ ገና።

ጠረጴዛው ላይ ሶፍት አለ፤ ጫፉ የተሳበው
በማን እጅ ይሆን? ማነው ከኔ በፊት ያለቀሰው?
እቀናለሁ። አይነገር! ልጅ የዳርኩ ሰው፣
"ለሱም እንዲህ አንገቷን ዘንበል አድርጋ
ሰምታው ይሆን?" እላለሁ፣ ጆሮ የገዛሁ በዋጋ።

ደግሞ ላስደስታት ብዬ የተሻለኝ እመስላለሁ፣
በደህና ያደረ ሌሊት ፈጥሬ አወራታለሁ፣
እንደ ተማሪ ልጅ ማርክ እጠብቃለሁ።
ዝም ትላለች። የማሞቂያው ብረት ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤
ዝምታው እያደገ ከሁለታችን ይረዝማል።
ለቅሶ ቤት ዝም ያለ ሰው ማጽናናቱ ነው፤
እዚህ ግን ዝምታ እንደ ዕዳ የሚከፈለው
በኔ አፍ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ነው።
ዐሥራ አንድ ዓመት ያልጠራሁትን ስም
ጉሮሮዬ እየተላጠ አወጣሁላት።
በሳምንቱ፣
"ዳንኤል ሲሞት አንተ የት ነበርክ?" አለችኝ።

ዳንኤል አይደለም። ዳምጠው ነው።

"ሥራ ላይ" አልኳት።
ስለማላውቀው ዳንኤል መለስኩ፤ ፈገግ አልኩ፤ ከፈልኩ፤ ወጣሁ።
አሳንሰሩ ውስጥ ጣቴ ቁልፉን መጫን አቃተው።
ሁለት ማክሰኞ ቀረሁ፤ "ጉንፋን ነው" ብዬ ጻፍኩላት፣
እሷን እንዳይከፋት
የከፋኝን ዋጥኩላት።
እኔና ወንድሜም እንዲህ ነበርን፤
በስልክ "ደህና ነኝ"፣ "እኔም ደህና ነኝ"፣
እየተዛዘንን፣ እየተጠነቃቀቅን፣
አንዱ ሌላውን ሳይሰማው እስኪያልቅ ድረስ።

ዛሬ ወንበሩን ሳልደገፍ ተቀመጥኩ።
"ስሙን ተሳስተሻል" አልኳት፤
አርባ ተሳፋሪ ይዤ፣ በረዶ ላይ ፍሬን እንደረገጥኩ
መላ አካላቴ ተንሸራተተ።
ትቆጣለች አልኩ። ታለቅሳለች አልኩ።
አታባብልም፣ አትከራከርም፤
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
"ይቅርታ። እስቲ አንተ ጥራልኝ፣ ቀስ ብለህ።"

ዳምጠው።

"ትርጉም አለው?"
አለው፤ ጨፍልቀው፣ እንደ ጥጥ መዳመጫ ሥር አስገባው።
ዐሥራ አንድ ዓመት ትእዛዙን ፈጸምኩ፤
ጎማዬ ሥር አንጥፌ ነዳሁበት።

ከፊቱ አንዲት "አ" ብትገባ ግን . . .
ሰዓት ሞላ። ለሳምንት አሳደርኩት።

ከበሩ ውጭ ባለተራዋ ልጅ
ከጫማዋ በረዶ ታራግፋለች።
አንገቴን ሰበር አድርጌ አለፍኳት።
አልቀናሁም።

ውሸቴን ነው፤ ትንሽ ቀናሁ።